ገመዱን አትናቁት፦ የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ በወለጋ ላፕቶፖች ላይ

ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 4 የሠራው ዱዋልሾክ 4 እና ለፕሌይስቴሽን 5 የሠራው ዱዋልሴንስ በዓለም ዙሪያ ብዙ ተብሎላቸዋል። አብዛኛው ግምገማ የተጻፈው ግን መብራት የማይጠፋበት፣ ኢንተርኔት የማይቆራረጥበት፣ ጨዋታ በካርድ ተገዝቶ ሌሊቱን የሚወርድበት ቤት ተቀምጦ ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ኮንሶሉ ቀርቶ ጆይስቲኩ ብቻ ነቀምት፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ሲደርስና ጌሚንግ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ምን ያህል ያገለግላል? ከሁለቱስ የትኛው ይሻላል? የሶኒ መሐንዲሶች ከተጠበቡበት ሁሉ እዚህ ስንቱ ተርፎ ይደርሳል?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። በሥራ ጥራቱ አዲሱ ይበልጣል፤ ለወለጋ ከተሞች ላፕቶፕ የሚሻለው ግን አሮጌው ነው፣ ያውም በገመድ። ጉዳዩ የዋጋ ብቻ አይደለም። ዱዋልሴንስ የሚሰጠው እያንዳንዱ ነገር በምላሹ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ የታደሰ ጨዋታ፣ የኢንተርኔት አካውንት፣ የማይቋረጥ ኃይል። ዱዋልሾክ 4 የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ዕቃ ሲመዘን የሚሰጠው ብቻ ሳይሆን የሚጠይቀውም ሚዛን ላይ መውጣት አለበት።

ከጌም ቤት የመጣ እጅ

በነቀምትም እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ብዙ ወጣት ጆይስቲክ መጀመሪያ የጨበጠው ጌም ቤት ነው። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ለባለ ተራ ይለቃል። በኢትዮጵያ ጌም ቤቶች ለረጅም ጊዜ የነገሠው ፕሌይስቴሽን 2 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በዓለም ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን። አብሮት የነገሠው ጨዋታ ደግሞ የኮናሚ ኩባንያ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ፔስ ነው። ከዚያ ቤት የወጣ አውራ ጣት ካሬው ጎል መምቻ፣ ኤክሱ አጭር ማቀበያ፣ ክቡ ረጅም ኳስ መላኪያ መሆኑን ሳያይ ያውቃል። ስለዚህ ላፕቶፕ የገዛ ወጣት አብሮ የሚፈልገው ጆይስቲክ ከዊንዶውስ ጋር ያለ ችግር የሚግባባውን የማይክሮሶፍቱን ኤክስቦክስ ሳይሆን የሶኒውን ነው። ምዘናውም ከዚህ ልምድ መነሳት ይኖርበታል።

ላፕቶፑ የተስፋፋበት መንገድም የታወቀ ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከተቋቋመ፣ በኋላም ደምቢ ዶሎ የራሷን ዩኒቨርሲቲ ካገኘች ወዲህ ላፕቶፕ የተማሪ ዕቃ ሆኗል። የምህንድስና ተማሪ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ለመግዛት በቂ ምክንያት አለው፤ ቀን ንድፍ የሚሠራበት ማሽን ማታ ኳስ ያጫውታል። ኮንሶል ለመግዛት ግን ቴሌቪዥን ይጨመራል፣ ቦታ ይፈለጋል፣ ቤተሰብም ይጠየቃል። ጆይስቲክ ሲገዛ ይህ ሁሉ ወጪ በአንድ ትንሽ ዕቃ ይተካል።

ለምን በኪቦርድ አይጫወትም የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ነገር ግን አራቱ ቀስቶች ተጣምረው የሚሰጡት ስምንት አቅጣጫ ብቻ ነው። የጆይስቲኩ ዘንግ ሙሉ ክብ ይዞራል፤ በጥቂቱ ሲገፋ ተጫዋቹ ይራመዳል፣ እስከ ጫፍ ሲገፋ ይሮጣል። ኳስ ላይ ደግሞ የአቅጣጫ ትንሽ ልዩነት ግብና ቋሚ እንጨት ማለት ነው። ሁለት ሰው አንድ ኪቦርድ ሲካፈል ችግሩ ይብሳል፤ ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ሲጫን አንዳንዱን የማያነቡ የላፕቶፕ ኪቦርዶች ጥቂት አይደሉም። ከዚህም ሌላ በብዙ ላፕቶፖች ኪቦርዱ ከላይኛው አካል ጋር ተጣብቆ የሚሠራ በመሆኑ፣ በጨዋታ ብዛት የሞቱ ጥቂት ፊደላት ሙሉ ኪቦርድ ያስቀይራሉ። ጆይስቲክ የዚህን ያህል መድን ነው። በአንጻሩ የተኩስና የስትራቴጂ ጨዋታ ለሚወድ ሰው ማውስ ይሻለዋል፤ ለእሱ ይህን ዕቃ አልመክርም።

የእጅ ሥራው

የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ መልክ የሶኒው ንድፍ አውጪ የቴዩ ጎቶ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ለወጣው የመጀመሪያ ፕሌይስቴሽን ቁልፎቹን በፊደል ሳይሆን በአራት ምልክቶች ለያቸው። ራሱ እንዳብራራው ሦስት ማዕዘኑ የእይታን አቅጣጫ፣ ካሬው ወረቀትን፣ ክቡና ኤክሱ እሺታንና እምቢታን ይወክላሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጣው ዱዋልሾክ ሁለት ዘንጎችንና ንዝረትን በአንድ አካል አዋሐደ። የቁልፎቹና የዘንጎቹ አቀማመጥ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። በፕሌይስቴሽን 2 ያደገ ሰው ዱዋልሴንስ ሲይዝ እንግዳ የማይሆንበት ለዚህ ነው። ይህ ትልቅ የንድፍ ስኬት ነው፤ ብዙ ኩባንያ በየዘመኑ ሁሉን ካላፈረሰ አዲስ ነገር የሠራ አይመስለውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዱዋልሾክ 4 ክብደቱ 210 ግራም ገደማ ነው። መሐሉ ላይ የሚነካ ሰሌዳ አለው፤ ተገቢው ፕሮግራም ሲኖር ላፕቶፑ ላይ እንደ ማውስ ያገለግላል። ጉድለቱ ፊት ለፊት የተደረገው መብራት ነው። ለተጫዋቹ እምብዛም አይታየውም፣ ስክሪን ላይ ያንጸባርቃል፣ 1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ የሚይዘውን ባትሪም ይበላል። ትንሽ ባትሪ ሰጥቶ በከንቱ መብራት ማባከን የንድፍ ስህተት ነው።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 የወጣው ዱዋልሴንስ 280 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ መዳፍን ሞልቶ ይያዛል፣ ባትሪውም 1,560 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ሁለት እውነተኛ ፈጠራዎች ይዟል። አንደኛው ከድሮው ጥቅል ንዝረት ተለይቶ የዝናብ ጠብታንና የጠጠር መንገድን ለየብቻ የሚያሰማ ረቂቅ ንዝረት ነው። ሁለተኛው ከኋላ ያሉት ኤል2 እና አር2 ቁልፎች እንደ ሁኔታው እንዲከብዱና እንዲቀሉ የሚያደርግ ሞተር ነው። በፊፋ 21 የፕሌይስቴሽን 5 ቅጂ ተጫዋቹ ሲደክም የሩጫው ቁልፍ ይከብዳል፤ ድካሙ ጣት ላይ ይሰማል። ይህን ያሰበ ሰው ሊመሰገን ይገባል።

ችግሩ ላፕቶፕ ላይ ይመጣል። እነዚህ ሁለት ፈጠራዎች ዊንዶውስ ላይ የሚሠሩት ለይተው በሚደግፏቸው ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ኮምፒውተር በመጣው ስፓይደርማን። እዚያም ቢሆን ሙሉ ለሙሉ የሚሠሩት በገመድ ነው፤ ረቂቁ ንዝረት እንደ ድምፅ በዩኤስቢ በኩል የሚላክ በመሆኑ ብሉቱዝ ላይ አይሠራም። እንግዲህ ሳጥኑ ላይ የተጻፉት ሁለት ምስጋናዎች፣ ገመድ አልባነቱና ረቂቅ ንዝረቱ፣ ላፕቶፕ ላይ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል። ፔስ 2013 ለሚጫወት ሰው ደግሞ ሁለቱም ፈጠራዎች የሉም።

ኤክሱ የትኛው ነው?

ጆይስቲኩ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ዊንዶውስ ያየዋል፤ መብራቱ ይበራል፣ በዕቃዎች ዝርዝር ውስጥም ስሙ ይወጣል። ጨዋታው ተከፍቶ ግን ምንም አይንቀሳቀስም። ብዙ ሰው ዕቃውን ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሻጩ የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር ኤክስኢንፑት የተባለ አዲስ የመግባቢያ ሥርዓት አመጣ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች የሚሰሙት እሱን ነው። የሶኒ ጆይስቲክ የሚናገረው ከዚያ በፊት በነበረው በዳይሬክትኢንፑት በኩል ነው። ስለዚህ መሐል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

አስተርጓሚ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር ፕሮግራም ነው፤ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2016 ጀምሮ ዱዋልሾክ 4ን ይደግፋል፣ በኋላም ዱዋልሴንስን ጨምሯል። ከሌላ ቦታ የመጣ ጨዋታም ቢሆን ስቲም ውስጥ ተመዝግቦ ከተከፈተ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሁለተኛው ዲኤስ4ዊንዶውስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ነው። በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች እየተቀባበሉ ያሳደጉት ሥራ ነው፤ የዱዋልሾክ 4ን ከንቱ መብራት እስከማጥፋት ድረስ ያዛል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አንድ ሰው ካወረደው በፍላሽ ለሁሉ ይዳረሳል። ድክመቱ የሚደገፍበት ቪጌምባስ የተባለው ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2023 ልማቱ መቆሙ ነው፤ እስከ ዛሬ ቢሠራም ወደፊት ዋስትና የለውም። ሌላው የተለመደ ችግር ጨዋታው እውነተኛውን ጆይስቲክና አስተርጓሚው የፈጠረውን ምስል እንደ ሁለት ዕቃ ቆጥሮ አንዱን ንክኪ ሁለት ጊዜ መቀበሉ ነው። መፍትሔው እውነተኛውን ከጨዋታው የሚደብቅ ሂድሃይድ የተባለ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው።

አስተርጓሚው ከተገኘ በኋላ ደግሞ የምልክት ግጭት ይመጣል። ጨዋታው ኤክስቦክስ የተሰካ ስለሚመስለው ስክሪኑ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ኤክስ፣ ዋይ ይጽፋል። በኤክስቦክስ ኤክስ ያለው በግራ ነው፤ የሶኒው ኤክስ ያለው ደግሞ ከታች። ጨዋታው ለመምታት ኤክስን ተጫን ሲል የሶኒ ልጅ የታችኛውን ይጫናል፤ ግብ ፊት ቆሞ ኳሱን ለጓደኛው ያቀብላል። ፔስ የለመደ ሰው ወደ ፊፋ ሲሻገር ግራ መጋባቱ ይጨምራል፤ ፔስ የሚመታው በካሬ ነው፣ ፊፋ በክብ። የሶኒን ምልክት በራሳቸው የሚያሳዩ አዳዲስ ጨዋታዎች አሉ፤ አሮጌዎቹ ግን አያሳዩም።

ከዚህ ሁሉ ነጻ የሆነ አንድ መንገድ አለ። ፔስ 2013 እና የዘመኑ ሌሎች ጨዋታዎች አብሯቸው የሚመጣ የማስተካከያ ፕሮግራም አላቸው፤ እያንዳንዱን ቁልፍ በእጅ እየተጫኑ መመዝገብ ይቻላል። ዱዋልሾክ 4 በገመድ ይሰካል፣ ቁልፎቹ አንድ ጊዜ ይመዘገባሉ፣ በቃ። የሚወርድ ነገር የለም፣ አካውንት የለም። የሚጎድለው ንዝረቱ ብቻ ነው። ዱዋልሴንስም በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ግን ፈጠራዎቹን አራግፎ ውድ ዱዋልሾክ ይሆናል።

መብራት ሲሄድ

የላፕቶፕና የጆይስቲክ ጥምረት በወለጋ ከተሞች ከኮንሶል የሚበልጥበት ዋናው ነጥብ መብራት ነው። ፕሌይስቴሽን 4 እና ቴሌቪዥን መብራት በሄደበት ቅጽበት ይጠፋሉ፤ በ85ኛው ደቂቃ የነበረው ውጤት አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ነገር ግን ሻጭ እንደሚለው አይደለም፤ ሒሳቡን እንሥራው። አብዛኞቹ ጌሚንግ ላፕቶፖች ባትሪያቸው ከ50 እስከ 99 ዋት ሰዓት ነው፤ በአውሮፕላን ለመጓዝ ያለው ገደብ 100 ስለሆነ ከዚያ አያልፉም። 60 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ 70 ዋት በሚበላ ከባድ ጨዋታ አንድ ሰዓት አይሞላም። በዚያ ላይ ማሽኑ ቻርጀሩ ሲነቀል የግራፊክስ ካርዱን ኃይል ራሱ ይቀንሳል፣ ምስሉም ይንቀረፈፋል። ፔስ 2013ን የመሰለ ቀላል ጨዋታ ግን 30 ዋት ገደማ ቢበላ ሁለት ሰዓት ያዘልቃል። ጌሚንግ ላፕቶፕ የገዛ ሰው መብራት ሲሄድ ወደ አሮጌ ጨዋታ የሚመለሰው ከናፍቆት አይደለም።

ጆይስቲኩም ከዚሁ ባትሪ ይካፈላል። ባዶውን የዱዋልሾክ 4 ባትሪ ለመሙላት 3.7 ዋት ሰዓት ይበቃል፤ ከ60ው 6 በመቶ ገደማ ነው። የዱዋልሴንሱ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በጨለማ ምሽት የጥቂት ደቂቃ ጨዋታ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር መባል አለበት። ነቀምት ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሻምቡ ደግሞ 2,500 ገደማ። በ2,100 ሜትር አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ የላፕቶፑ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። የቀዝቃዛው የደጋ አየር ግማሹን ይክሳል እንጂ ሁሉን አይክስም። እጅ ከጋለ ኪቦርድ ርቆ፣ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ከፍ ብሎ፣ ተጫዋቹ በገመድ ርቀት ተቀምጦ መጫወቱ ለእጅም ለማሽንም ይበጃል። ይህን ጆይስቲክ እንጂ ኪቦርድ አይሰጥም።

ሶኒ የማያውቃት አገር

የሶኒ ዕቃ ነቀምት ይደርሳል፤ የሶኒ አገልግሎት አይደርስም። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት በይፋ ከሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያ የለችም። በኮንሶሉ ዘመን ወጣቱ የሌላ አገር ስም እየሞላ አልፎታል። ላፕቶፕ ላይ ግን ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ገሃድ ወጣ። ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጨዋታ በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያያይዙ አዘዘ፤ ጨዋታውም አካውንት በማይከፈትባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከስቲም መደብር ተነሳ። ኢትዮጵያም ከነሱ ውስጥ ነበረች። ተጫዋቾች በቁጣ ስለተነሱ ሶኒ ትእዛዙን በቀናት ውስጥ ቢያነሳም፣ ጎስት ኦፍ ሱሺማ በዚያው ወር ሲወጣ በእነዚሁ አገሮች ሳይሸጥ ቀረ። ኩባንያው አካውንቱን በአንዳንድ ጨዋታዎቹ በፈቃድ ያደረገው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ነው።

ይህ ለጆይስቲኩ ግምገማ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የዱዋልሴንስን ፈጠራ በኮምፒውተር ላይ አሟልተው ከሚጠቀሙት ጨዋታዎች ዋነኞቹ የራሱ የሶኒ ናቸው። ሶኒ ዕቃውን ሸጦ ዕቃው የሚያምርበትን ጨዋታ ከከለከለ፣ ገዢው ግማሽ ዕቃ ነው የገዛው።

በዚህ ላይ የኔትወርኩ ጉዳይ አለ። ኮናሚ ፔስን ትቶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ያወጣው ኢፉትቦል በነጻ ቢሰጥም ያለ ኢንተርኔት እንደ ልብ አያጫውትም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መገባደጃ እስከ መጋቢት በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ከርሟል፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ደግሞ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ተዘግቷል። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ያለፈ ተጫዋች ከመስመር ውጭ የሚሠራ ጨዋታን የሚመርጠው በበቂ ምክንያት ነው። ስቲምም ቢሆን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት አማራጭ አስቀድሞ፣ ኔትወርክ ባለበት ቀን መዘጋጀት አለበት።

የጨዋታው የፋይል መጠንም ይቆጠራል። ፔስ 2021 40 ጊጋባይት ይጠይቃል፣ የፊፋ ተተኪ የሆነው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ደግሞ 100። በስቲም የጨዋታ ዋጋ የሚተመነው በዶላር ነው፣ መደብሩ ብር አይቀበልም። ጨዋታ ከእጅ ወደ እጅ በሃርድ ዲስክ የሚገለበጠው በዚህ ምክንያት ነው። አሠራሩ የፈጣሪዎችን መብት ይነካል፤ ለመግዛት የሚፈልገውንም ሰው በር ዘግቶ የሚያባርር መደብር ግን ከወቀሳው ድርሻውን ይውሰድ።

ሲበላሽ

የሁለቱም ጆይስቲኮች ደካማ ቦታ ዘንጉ ነው። ውስጡ ሲዞር የሚፋተግ የካርቦን ንጣፍ አለ፤ ንጣፉ ሲያልቅ ወይም አቧራ ሲገባበት ዘንጉ ሳይነካ ተጫዋቹ በራሱ ይሄዳል። የሚያሳዝነው ሶኒ በዱዋልሴንስ ብዙ ነገር አሻሽሎ ይህን አለማሻሻሉ ነው፤ ዘንጉ በዱዋልሾክ 4 ከነበረው ዓይነት ብዙም አልራቀም። ዘንጉ ተነቅሎ የሚቀየርበት ዱዋልሴንስ ኤጅ እ.ኤ.አ. በ2023 ቢወጣም ዋጋው እጅግ የተሰቀለ ነው። አንዱ ዘንግ በ14 ነጥብ ስለተበየደ ለመቀየር የብየዳ እጅ ይፈልጋል። ደግነቱ ስልክ የሚጠግን ባለሙያ በየከተማው አለ፤ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ የሚቀይር እጅ ይህን አያቅተውም። የዱዋልሾክ 4 መለዋወጫም ዕቃው ብዙ ዘመን ስለቆየ ከአዲሱ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል።

ገመድ ላይ አሮጌው ይሸነፋል። ማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳው በጊዜ ይላላል፤ የዱዋልሴንሱ ታይፕ ሲ ጠንካራ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ከርካሽ ቻርጀር ጋር የሚመጡ አንዳንድ ገመዶች ኃይል እንጂ መረጃ አያስተላልፉም። ጆይስቲኩ ቻርጅ እያደረገ ላፕቶፑ ካላየው መጀመሪያ ገመዱ ይቀየር።

ፎርጂዱም ብዙ ነው። የብዙ ፎርጂድ ዱዋልሾክ 4 መሐለኛ ሰሌዳ ይጫናል እንጂ የጣት እንቅስቃሴ አያነብም፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውም ለጌጥ ነው። ከመግዛት በፊት ላፕቶፕ ይዞ መሄድ ይሻላል። ዊንዶውስ ላይ ጆይ ነጥብ ሲፒኤል የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ጽፎ መክፈት ነው፤ የዘንጉን እንቅስቃሴ የሚያሳይ መስቀል ይወጣል። ዘንጉ ሲለቀቅ መስቀሉ ወደ መሐል ካልተመለሰ ዕቃው ይቅር።

ዋጋና አማራጭ

ዱዋልሴንስ ሲወጣ ዋጋው በአሜሪካ 70 ዶላር ገደማ ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ዋጋ 4,000 ብር ገደማ ይሆን ነበር፤ ዶላር 100 ብር ሲያልፍ ከ7,000 በላይ ሆነ። ይህ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዱዋልሾክ 4 መፈለግ ለብዙ ሰው ብቸኛው መንገድ ነው።

ሌሎችም አሉ። የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ሲሰካ ወዲያው ይሠራል፣ የስክሪኑ ፊደልም ይገጥማል፤ ገመድ አልባው ደግሞ በሁለት የባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ከየሱቁ ይገኝለታል። በቴክኒክ ብቻ ቢፈረድ ለላፕቶፕ አሸናፊው እሱ ነው። በፕሌይስቴሽን ያደገ እጅ ግን የግራ ዘንጉ ሽቅብ መውጣቱን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። በዘንጋቸው ውስጥ በካርቦን ንጣፍ ፈንታ ማግኔት የሚጠቀሙ የጌምሰርና የኤይትቢትዱ ኩባንያዎች ሥራዎች ከመፋተግ ችግር ነጻ ናቸው፤ የተገኙ እንደሆነ ይመከራሉ። የፕሌይስቴሽን 2 መልክ ያላቸው ርካሽ የዩኤስቢ ጆይስቲኮች ለፔስ 2013 ያህል ይበቃሉ፤ ዕድሜ ግን አይጠበቅባቸው።

ፍርዱ

ዱዋልሴንስ የላቀ የእጅ ሥራ ነው፤ ለላፕቶፕ ተጠቃሚ ግን ብዙው ችሎታው ተቆልፎ የሚመጣ፣ ቁልፉም ኢትዮጵያ ውስጥ በቀላሉ የማይገኝ ዕቃ ነው። ዱዋልሾክ 4 ከንቱ መብራት፣ ትንሽ ባትሪና ልል ቀዳዳ አለው። ሆኖም በገመድ ሲሰካ ባትሪው አያሳስብም፣ ጨዋታው አሮጌ ሲሆን ፕሮግራም አይጠይቅም፣ ሲበላሽም የሚጠግነው አይጠፋም። ስለዚህ የኳስ ጨዋታ ለሚወድ፣ ከጓደኛ ጋር ለሚጫወትና ኔትወርኩን ለማያምን ሰው ያገለገለ ነገር ግን እውነተኛ ዱዋልሾክ 4 ይግዛ እላለሁ። ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ ላፕቶፑን የአንድ ሰው ዕቃ ከመሆን የሚያወጣው ሁለተኛው ጆይስቲክ ነውና። የሶኒን ታላላቅ ጨዋታዎች በሕጋዊ መንገድ ያገኘ፣ መብራቱም የማይቸግረው ዱዋልሴንስን ቢመርጥ አይቆጭም። ሁላችሁም ግን ከሻጩ ፊት ሳትነሱ መረጃ በሚያስተላልፍ ገመድ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ከሱቁ ከወጣችሁ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው።